ለኮካቲየል ወፍ የመታጠቢያ ውኃ አቀራረብ፦ ከውኃው ምርጫ እስከ ላባው መድረቅ

ኮካቲየል በተለምዶ በቀቀን ተብለው ከሚጠሩት አዕዋፍ ወገን የሆነች፣ በአናቷ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ላባ ያላት ትንሽ ወፍ ናት። የተፈጥሮ መኖሪያዋ አውስትራሊያ ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት በብዙ አገሮች በመኖሪያ ቤት ውስጥ በሰው እጅ ትረባለች። በአገራችንም በከተሞች በሽቦ ቤት ወይም በተለምዶ ኬጅ በሚባለው ማኖሪያ ውስጥ የሚያሳድጓት ቤተሰቦች አሉ። አሳዳጊዎች አብዛኛውን ጊዜ ለምግቧ ትኩረት ይሰጣሉ። የመታጠቢያ ውኃ ግን ወይ ጨርሶ ይዘነጋል፣ ወይም ባልተገባ መንገድ እየቀረበ ለጉዳት መንስኤ ይሆናል።

ገላ መታጠብ ለዚህች ወፍ ጠቃሚ ነው። ለጉዳት የሚያጋልጣት ራሱ መታጠቡ ሳይሆን ከመታጠቧ በፊትና በኋላ የሚፈጸሙ ስሕተቶች ናቸው፤ እነዚህም ያልተጣራ ውኃ፣ ተገቢ ያልሆነ ዕቃ፣ ለማድረቅ ተብሎ የሚቀርብ የከሰል ምድጃ እንዲሁም ሳይደፋ የሚያድር የቆሸሸ ውኃ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው አሳዳጊዎች እነዚህን ስሕተቶች እንዲከላከሉና ችግር ሲያጋጥም ወደ እንስሳት ጤና አገልግሎት እንዴት መቅረብ እንዳለባቸው ለማስገንዘብ ነው።

1. ወፏ የመታጠቢያ ውኃ ለምን ያስፈልጋታል?

ኮካቲየል በተፈጥሮዋ የምትኖረው በደረቁ የአውስትራሊያ መሐል አገር ሲሆን፣ ከውኃ አካባቢ እምብዛም አትርቅም። ዝናብ ሲጥል ክንፏንና ጅራቷን ዘርግታ ላባዋን ታርሳለች። በቤት ውስጥ የምትኖር ወፍ ይህን ዕድል የምታገኘው አሳዳጊዋ ሲያመቻችላት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የላባዋ ተፈጥሮ ነው። በሰውነቷ ላይ ከውጭው ላባ ሥር የሚገኘው ለስላሳ ላባ ያለማቋረጥ እየተፈረፈረ ነጭ፣ ዱቄት መሰል ብናኝ ይሰጣል። ይህ ብናኝ በቤት ዕቃ ላይ ይተኛል፤ በአየርም ይበናል። በተለይ አስም ወይም ሌላ የመተንፈሻ አካላት ሕመም ያለበት ሰው በቤት ውስጥ ሲኖር ችግር ያስከትላል። ወፏ አዘውትራ ስትታጠብ የብናኙ መጠን ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

በሦስተኛ ደረጃ የረጠበ ላባ ወፏ በምንቃሯ ላባዋን እንድታበጥር ያነሣሣታል። በጅራቷ ሥር ከሚገኝ ዕጢ የሚወጣውን ቅባት በላባዋ ላይ የምታዳርሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። ይህም ላባዋ እንዳይሰባበር፣ ቆዳዋም እንዳይደርቅና እንዳያሳክካት ይረዳል።

2. ምን ዓይነት ውኃ ይቅረብ?

መሠረታዊው መመሪያ አንድ ነው፦ ለሰው መጠጥ የማይሆን ውኃ ለወፏ መታጠቢያ አይሆንም። ምክንያቱም ወፏ ከምትታጠብበት ውኃ ላይ ትጠጣለች።

የቧንቧ ውኃ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ በቂ ነው። የክሎሪን ሽታው የበረታ ከሆነ በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ፣ ወፏ በማትደርስበት ቦታ ለጥቂት ሰዓታት ሳይከደን ይቆይ። ውኃ በፈረቃ በሚታደልባቸው አካባቢዎች በሮቶ፣ በበርሜል ወይም በጀሪካን የቆየ ውኃ መጠቀም ግድ ይሆናል። እንዲህ ያለው ውኃ፣ እንዲሁም የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ከተፈላና ከቀዘቀዘ በኋላ ቢቀርብ ይመረጣል። የደፈረሰ ወይም ሽታው የተለወጠ ውኃ አይቅረብ።

የውኃው ሙቀት ለእጅ የማይቀዘቅዝና የማያቃጥል፣ ለብ ያለ ይሁን። ሙቅ ውኃ በላባው ላይ ያለውን የተፈጥሮ ቅባት ያጥባል። በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ የሰውነት ሙቀቷን በፍጥነት ይቀንሳል። የአዕዋፍ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ከ80 እስከ 100 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ይህን ሙቀት ጠብቃ ለመቆየት ብዙ ጉልበት ታወጣለች።

በውኃው ውስጥ ምንም ነገር አይጨመር። ሳሙና፣ ሻምፖ፣ የልብስ ማጠቢያ ዱቄትና ሽቶ የላባውን ቅባት ያጠፋሉ፤ ወፏም ላባዋን ስታበጥር ወደ ሆዷ ይገባሉ። ከዚህ ሁሉ የከፋው በላባዋ ላይ ቅማል ወይም ሌላ ተባይ ታየ በሚል ለሰብል ወይም ለከብት የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ኬሚካል በመታጠቢያ ውኃ መበጥበጥ ነው። ለትልቅ እንስሳ የተመጠነ መድኃኒት ይህችን ወፍ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ተባይ ከተጠረጠረ መድኃኒቱንም መጠኑንም መወሰን ያለበት የእንስሳት ሐኪም ነው።

3. የዕቃ አመራረጥ

ዕቃው ወፏ ጅራቷን ሳታጥፍ ልትዞርበት የምትችል ሰፊ፣ በላዩ ስትቆም የማይገለበጥ ከባድና ጠርዙ ዝቅ ያለ ሊሆን ይገባል። የኮካቲየል ርዝመት ከአናቷ እስከ ጅራቷ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ ትንሽ የሻይ ሳህን አይበቃትም። የውኃው ጥልቀት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ እግሯን ነክቶ ሆዷ ሥር ከደረሰ በቂ ነው።

ለዚህ አገልግሎት የሸክላ ድስት ክዳን የመሰለ ዝርግ ዕቃ፣ የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለው የሴራሚክ ሳህን ወይም የማይዝግ ብረት ሳህን ተስማሚ ነው። ቅብ የሌለው ሸክላ ግን ውኃና ቆሻሻ ስለሚመጥ አዘውትሮ መፋቅና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይጠይቃል። የዚንክ ቅብ ካለው ቆርቆሮ የተሠራ ወይም በእርሳስ የተበየደ ዕቃ ፈጽሞ አይቅረብ። ወፏ የምታገኘውን ሁሉ በምንቃሯ የምትቦረቡር በመሆኗ ዚንክና እርሳስ ወደ ሰውነቷ ገብተው ሊመርዟት ይችላሉ።

የመታጠቢያው ዕቃ ከመጠጫው ዕቃ የተለየ ይሁን። ከመቆሚያ እንጨቷ ሥር ከተቀመጠ ኩስ ስለሚወድቅበት ቦታው ከዚያ ራቅ ይበል።

4. መቼና በሳምንት ስንት ጊዜ?

አብዛኞቹ ኮካቲየሎች በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ መታጠቢያ ቢቀርብላቸው ይበቃቸዋል። ላባ በሚያረግፉበትና አዲስ በሚያወጡበት ወቅት ቆዳቸውን ስለሚያሳክካቸው ከዚህ በላይ ሊፈልጉ ይችላሉ።

ሰዓቱ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ በፊት ላባው ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ የሚያስችል ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን መታጠቢያ ባይቀርብ ይሻላል።

የአገራችን የአየር ንብረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ይህም ግምት ውስጥ መግባት አለበት። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀዘቅዛል። በእነዚህ ወራት አየሩ ደረቅ በመሆኑ የወፏ የውኃ ፍላጎት ይጨምራል፤ ሆኖም መታጠብ ያለባት ፀሐዩ ከሞቀ በኋላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ከፍተኛ፣ ቀኑም ዳመናማ ስለሚሆን በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ ቀለል ያለ መታጠቢያ ይበቃል። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች በየቀኑ ውኃ ቢቀርብም ችግር አያስከትልም።

5. የአቀራረብ መንገዶች

ሁሉም ወፍ በአንድ መንገድ አይታጠብም። የሚከተሉትን ሦስት መንገዶች በየተራ በመሞከር ወፏ የምትመርጠውን መለየት ይቻላል።

ሀ) በሳህን፦ ውኃው በኬጁ ወለል ላይ ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ወፏ ቀርባ አናቷን ከነከረችና ክንፏን ካርገፈገፈች መታጠብ ጀምራለች ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ብትሸሽ በተከታታይ ቀናት ዕቃውን ለአጭር ጊዜ እያስቀመጡ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ለ) በመርጫ ጠርሙስ፦ ጠርሙሱ አዲስ መሆን አለበት። ቀደም ሲል ፀረ ተባይ፣ የመስተዋት ማጽጃ ወይም የፀጉር ቅባት የነበረበት ጠርሙስ ቢታጠብም ለዚህ አገልግሎት አይውልም። ውኃው ከግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ከአናቷ በላይ ተረጭቶ እንደ ካፊያ ይውረድባት እንጂ በቀጥታ ወደ ፊቷ አይረጭ።

ሐ) በእርጥብ ቅጠል፦ በሚገባ የታጠበ ቆስጣ ወይም ሰላጣ ውኃው ሳይራገፍ በኬጁ ላይ ይንጠልጠል። አንዳንድ ወፎች በቅጠሉ ላይ እየተሻሹ ላባቸውን ያርሳሉ። የአቮካዶ ቅጠልና ፍሬ ለአዕዋፍ መርዝ በመሆኑ ፈጽሞ አይቅረብ።

በሦስቱም መንገዶች ምርጫው የወፏ ነው። ይዞ ውኃ ውስጥ መንከር ወይም በቧንቧ ሥር መያዝ ከፍተኛ ድንጋጤ ያስከትላል፤ ውኃ ወደ አፍንጫዋና ወደ ሳንባዋ እንዲገባም ያደርጋል። ወፏ ወደ ኋላ ካፈገፈገች፣ እንደ እባብ የመሰለ ድምፅ ካሰማች ወይም ሰውነቷን አሟጥጣ ከቆመች ለዕለቱ ማቆም ተገቢ ነው።

6. የረጠበችን ወፍ ማድረቅ

ጤነኛ ወፍ ራሷን አራግፋና ላባዋን አበጥራ ራሷ ትደርቃለች። ከአሳዳጊው የሚጠበቀው ነፋስ የማይገባበት ሞቅ ያለ ክፍል ማዘጋጀት ነው። ፀሐይ ባለበት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሆኖም ከኬጁ ግማሹ ጥላ ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ ሙቀቱ ሲበረታ ወፏ መሸሻ ታጣለች።

በዚህ ረገድ አጽንዖት ሊሰጠው የሚገባው ጉዳይ ወፏን ለማሞቅ በማሰብ የከሰል ምድጃ ማቅረብ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የአዕዋፍ የአተነፋፈስ ሥርዓት አየሩን በሳንባቸው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ የሚያሳልፍና ከአየሩ የሚገኘውን በከፍተኛ ብቃት ወደ ደም የሚያስተላልፍ ነው። ይህ ለበረራ የተሰጣቸው ብቃት መርዛማ ጋዝም በፍጥነት ወደ ደማቸው እንዲገባ ያደርጋል። በመሆኑም በክፍሉ ያሉ ሰዎች ገና ምንም ሳይሰማቸው ወፏ ልትሞት ትችላለች።

በተመሳሳይ ምክንያት ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ጊዜ ወፏ በሌላ ክፍል ትቆይ። ምግብ እንዳይይዝ በቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ወይም ምጣድ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝም አዕዋፍን በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድል ነው። የፀጉር ማድረቂያ መሣሪያ መጠቀምም አይመከርም፤ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ተመሳሳይ ቅብ ያለው ክፍል አላቸው፤ ሙቀታቸውም ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።

ላባዋ የረጠበ ወፍ በአግባቡ መብረር ስለማትችል እስክትደርቅ ድረስ በርና መስኮት ይዘጋ፣ ድመትም አይቅረባት። ከኬጅ እየወጣች የምትንቀሳቀስ ከሆነም በቤት ውስጥ ያለ ባልዲ፣ በርሜልና የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ሁልጊዜ ይከደን። መታጠብ የለመደች ወፍ ውኃ ባየችበት ሁሉ መግባት ትፈልጋለች፤ ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ጥልቅ ዕቃ ግን መውጣት አትችልም።

7. ከታጠበች በኋላ የሚከናወን ጽዳት

የመታጠቢያው ውኃ ወፏ እንደጨረሰች ወይም ከቀረበ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደፋ። ኩስና የምግብ ፍርፋሪ የገባበት ውኃ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው፤ ወፏም ተመልሳ ትጠጣዋለች። ውኃው የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት ገንዳ ሳይሆን በመጸዳጃ ቤት ይወገድ።

ዕቃው በየጊዜው በሳሙና ታጥቦና በደንብ ተለቅልቆ ይድረቅ። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ከታጠበ በኋላ በበረኪና ማከም ይመከራል። መጠኑ 1 ሲኒ በረኪና በ32 ሲኒ ውኃ ሲሆን፣ ዕቃው ለ10 ደቂቃ ያህል ተነክሮ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። ይህ ሥራ ወፏ በሌለችበትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወን። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል ለሰውም አደገኛ ነው።

8. ወደ ሰው ስለሚተላለፍ በሽታ

የበቀቀን ወገን የሆኑ አዕዋፍ ሲታኮሲስ የተባለ በሽታ ሊይዛቸው ይችላል። የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ወደ ሰው በዋነኛነት የሚተላለፈው ከደረቀ ኩስና ከላባ ብናኝ ጋር በትንፋሽ በመግባት ነው። ጤነኛ መስላ የምትታይ ወፍም ባክቴሪያውን ልታስተላልፍ ትችላለች።

ስለሆነም የኬጁን ወለል በደረቁ መጥረግ አይገባም። አስቀድሞ በውኃ ማርጠብ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሲጨርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ አረጋውያንና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ይህን ሥራ ባያከናውኑ ይመረጣል።

በሰው ላይ ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመምና ደረቅ ሳል ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ከገባ ከ5 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ምልክቶቹ ከጉንፋንና ከሌሎች የሳንባ ሕመሞች ጋር ስለሚመሳሰሉ በቀላሉ አይለዩም። በመሆኑም ወፍ የሚያሳድግ ሰው እንዲህ ያለ ሕመም ሲሰማው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ በቤቱ ወፍ መኖሯን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። በሽታው በወቅቱ ከታወቀ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል።

9. መታጠብ የሌለባት መቼ ነው?

ላባቸው በሙሉ ያልወጣ ጫጩቶች፣ የታመመች ወይም ቁስል ያለባት ወፍ እንዲሁም በዕለቱ ከሌላ ቦታ የመጣች ወፍ መታጠቢያ አይቀርብላቸውም። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ውኃው ይቁምና ሐኪም ይማከር፦

• ላባዋን አንጨፍርራ ቀኑን ሙሉ ማንቀላፋት፤
• ከዓይን ወይም ከአፍንጫ ፈሳሽ መውጣት፤
• ሲተነፍሱ ጅራት ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ፤
• ምግብ መተው፣ ማስታወክ ወይም የኩስ ቀለምና ይዘት መለወጥ፤
• ላባን እየነቀሉ ቆዳን ማራቆት።

አዕዋፍ ሕመማቸውን በተፈጥሯቸው ይደብቃሉ። ምልክቱ ጎልቶ በሚታይበት ጊዜ በሽታው የቆየ ሊሆን ስለሚችል «ነገ ይሻላት ይሆናል» ብሎ መጠበቅ አይገባም።

10. አገልግሎት ለማግኘት

አሳዳጊዎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የመንግሥት ወይም የግል የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መጠየቅ ይችላሉ። ከመሄድ በፊት በክሊኒኩ አዕዋፍን የሚያክም ባለሙያ መኖሩን ማረጋገጥ ጊዜን ይቆጥባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የሚገኘው በቢሾፍቱ ከተማ ነው።

ወደ ክሊኒክ ሲኬድ የሚከተሉትን መረጃዎች አዘጋጅቶ መቅረብ ለምርመራው ይረዳል፦

• የወፏ ዕድሜና ከእርስዎ ጋር የቆየችበት ጊዜ፤
• የምትመገበው ምግብ፣ የምትጠጣውና የምትታጠብበት ውኃ ምንጭ፤
• ምልክቱ የጀመረበት ቀንና በዚያን ሰሞን በቤት ውስጥ የተረጨ ኬሚካል ወይም የነበረ ጭስ፤
• የኩሷ ፎቶግራፍ፤
• በቤተሰቡ ውስጥ ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው መኖር አለመኖሩ።

ወፏ ስትጓዝ በትንሽ ኬጅ ወይም አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ሆና በጨርቅ ትሸፈን፤ በጉዞው ወቅትም የመታጠቢያ ዕቃ አብሮ አይኑር። ወፏ በድንገት ከሞተች በባዶ እጅ አይንኳት፤ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው በማሰር በአፋጣኝ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ። የሞቷ ምክንያት ከታወቀ በቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችንና ሌሎች አዕዋፍን ለመጠበቅ ይጠቅማል።

ኮካቲየል ጥሩ እንክብካቤ ካገኘች ከ15 እስከ 20 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ለመታጠቢያዋ የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ዝርግ ሳህንና ሁለት ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ቀሪው ሰዓቱን መምረጥ፣ ጭስና ነፋስ ከክፍሉ ማራቅ እንዲሁም ውኃውን በጊዜው መድፋት ነው።